አሮጌ የድንጋይ ካባን በቅርስነት ማስጠበቅ፦ ማመልከቻው ለማን ይጻፋል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የቦታው ስም እንዳይጠቀስ ስላሳሰቡ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ተዳፋት አካባቢ አባቶቻችን ድንጋይ ያወጡበት የነበረ ሰፊ አሮጌ ካባ አለ። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ድንጋይ ከዚህ ወጣ ይባላል። ቋጥኞቹ ላይ በተርታ የተቦረቦሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአክሱም ፎቶግራፎች ላይ ካየኋቸው ጋር ስለሚመሳሰሉ ቦታው የአክሱም ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ክሬሸር (ድንጋይ ፈጭቶ ጠጠር የሚያደርግ ማሽን) ሊተከልበት ነው የሚል ወሬ አለ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የወጣቶች ማኅበር ኮብልስቶን ይጠርባል። በዩኔስኮ ተመዝግቦ ማንም እንዳይነካው ለማድረግ ማመልከቻው ለማን ይጻፋል? አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን ‹ጉድጓድ ቅርስ አይሆንም፤ ከሆነም የልጆቻችን እንጀራ ይዘጋል› ይላሉ።»

ማመልከቻው ለዩኔስኮ አይጻፍም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ከግለሰብም ሆነ ከቀበሌ ማመልከቻ አይቀበልም፤ ቦታን ለመዝገቡ የሚያቀርበው የዓለም ቅርስ ኮንቬንሽን አባል የሆነ መንግሥት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ያጸደቀችው በ1969 ዓ.ም. ሲሆን፣ መንግሥት አንድን ቦታ ሲያቀርብ ቦታው አስቀድሞ በአገሪቱ ጊዜያዊ ዝርዝር (ወደፊት ለማቅረብ ባሰበቻቸው ቦታዎች ዝርዝር) ውስጥ መግባት፣ ከአገር አልፎ ለሰው ልጅ ሁሉ ያለው ዋጋ መታየትና በአገሪቱ በራሷ ሕግ ተጠብቆ መገኘት ይኖርበታል። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ያየዋል፤ ዩኔስኮ ሲመዘግበው ጥበቃ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። አሠራሩ ግን በአገሩ ጥበቃ የሌለውን ቦታ ወደ መጣበት የሚመልስ ነው። ክሬሸሩ በቅርቡ ሊተከል ከሆነ፣ ዓመታት የሚፈጀውን ያንን መንገድ አሁን መጀመር ቦታውን ለክሬሸሩ ከመልቀቅ አይለይም። የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው በከተማው፣ በዞኑና በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው።

ወደ ሽማግሌዎቹ አባባል ስመለስ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሰው የፈጠራና የሥራ ውጤትነቱ፣ እንዲሁም በሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ኪነ ጥበባዊና የእደ ጥበብ ይዘቱ ነው። ሐውልት ወይም ሕንፃ መሆንን አይጠይቅም፤ ይህን ያህል ዓመት ሊሞላው ይገባል የሚል ገደብም የለበትም። በዓለም መዝገብ ውስጥም ድንጋይ የወጣባቸው ቦታዎች አዲስ ነገር አይደሉም። በቤልጅግ የስፒየን የባልጩት ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. በ2000፣ በፖላንድ የክሸሚዮንኪ የባልጩት ማውጫ በ2019፣ በዌልስ ሰሜን ምዕራብ የጣሪያ ድንጋይ የሚወጣበት መልክዓ ምድር በ2021 ተመዝግበዋል። ከኛው አገርም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከመልካ ቁንጡሬ ጋር የተመዘገበው ባልጭት ማለት የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሚሠሩበትን ጥቁር፣ መስታወት መሳይ ድንጋይ የሚያገኙበት ቦታ ነው። ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጎቦድራ ኮረብታም የሐውልቶቹ ድንጋይ የተፈለጠበት ካባ ነው፤ ሰው ለመጎብኘት የሚሄደውም ተፈልጦ ያልወጣውን ለማየት ነው።

ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹን ያሳሳታቸው ነገር ይገባኛል። የካባ ቅርስነት ጉድጓዱ ውስጥ የለም። ጉድጓዱ የሄደው ድንጋይ ክፍት ቦታ ነው፤ ሥራው የሚነበበው በቀሩት ነገሮች ላይ ነው። ከእነዚህም ዋነኛው ሁሉም ሰው እንደ ጥራጊ የሚያየው የፍርስራሽ ክምር ነው። ጠራቢ ቋጥኙን ፈልጦ ሲያስተካክል የሚረግፈው ስባሪ መጠኑና ቅርጹ እንደ ሥራው ደረጃ ይለያያል፤ የክንድ ያህል ስባሪ የበዛበት ቦታ ሸካራው ማስተካከል የተካሄደበት ሲሆን፣ እንደ ጥፍር የደቀቀው የተነጠፈበት ደግሞ ጠራቢው ተቀምጦ የድንጋዩን ፊት ያለሰለሰበት ነው። በክምሩ መሀል እየተጠረበ ሳለ ተሰንጥቆ የተጣለ ድንጋይ ካገኙ ከሁሉ የበለጠውን ማስረጃ አገኙ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ተስተካክሎ ያለቀው ድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ከአንዱ በቀር ፊቱ ሁሉ ተሸፍኗል፤ የተበላሸው ግን የመጀመሪያው የመሮ ምት ከየት እንደ ተነሣና ሥራው የት ላይ እንደ ቆመ በስድስቱም ፊቱ ያሳያል። ክምሩ ካልተገለባበጠ ከሥር ያለው ቀድሞ የተጣለው ነው፤ ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከታች ወደ ላይ ይነበባል።

የክሬሸር ባለቤትም አስቀድሞ የሚመኘው ይህንኑ ክምር መሆኑን ልብ ይበሉ። ፍርስራሹ የተፈለጠ ድንጋይ ነው፤ ድማሚት አይፈልግም፣ ቁፋሮ አይፈልግም፣ በሎደር ተዝቆ በቀጥታ ወደ ክሬሸሩ አፍ ይገባል። በእንዲህ ያሉ ክርክሮች ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ማስታረቂያ የሚቀርበው ሐሳብ «ገደሉንና ቀዳዳዎቹን አንነካም፤ የምናነሣው ፍርስራሹን ብቻ ነው» የሚል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ይፈርማል፤ በዚያው ፊርማ ግን የቦታውን መዝገብ ሰጥቶ ሽፋኑን አስቀርቷል። በዌልሱ ምዝገባ ውስጥ ተራራ የሚያክሉት የስባሪ ክምሮች የቅርሱ አካል ሆነው የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከክምሩ ሌላ መፈለግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ጥቁር ድንጋይ መሮን ቶሎ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ካባ ባለበት ሁሉ መሮው በእሳት ግሎ እየተቀጠቀጠ የሚሳልበት ቦታ ይኖራል፤ የተቃጠለ መሬት፣ ከሰልና ከጋለ ብረት ላይ የረገፈ ቅርፊት ካዩ እዚያ ነው። ድንጋዩ ወደ ታች የሚንሸራተትበት ተዳፋት፣ የጭነት ከብት የወጣበትና የወረደበት የተፋቀ መንገድ፣ ሠራተኞች የሚያርፉበት የዛፍ ጥላ፣ የሚጠጡበት ምንጭ ሁሉ አንድ ላይ ሆነው ነው ቦታውን ከጉድጓድነት ወደ ባህላዊ መልክዓ ምድርነት የሚያሻግሩት። ይህ ስያሜ በዓለም ቅርስ አሠራር የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ኮንሶ ከነድንጋይ እርከኑና ከነግንብ መንደሩ በ2011፣ ጌዴኦ ደግሞ በ2023 የተመዘገቡት በዚሁ ነው። ሥራው የቆመበትን መልክዓ ምድርና ሥራው ዛሬም የሚቀጥልበትን መልክዓ ምድር ለይቶ ስለሚቀበል፣ ኋላ ለማነሣው የወጣቶቹ ጉዳይ ይህ ልዩነት ትልቅ ቦታ አለው።

በእጅ የሚያዘው እውቀትም የቦታው ክፍል ነው። አንድ ጊዜ በደቡብ ወሎ ባለ ሌላ ካባ ላይ ከአንድ አረጋዊ ጠራቢ ጋር ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ድንጋዩን ከመምታታቸው በፊት በመዶሻው ጀርባ ቀስ ብለው ያንኳኩና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ እንደ ደወል ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ወደ ቀኝ፣ ድምፁ የታፈነውን ወደ ግራ ይለያሉ። የታፈነው ለምን እንደ ተጣለ ስጠይቃቸው ውሃ ከጀሪካኑ በእፍኛቸው ወስደው አፈሰሱበትና «ጠብቅ» አሉኝ። ፊቱ በፀሐዩ ወዲያው ደረቀ፤ መሀሉ ላይ ግን ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ሳትደርቅ ቀረች፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቷል ማለት ነው። «ድንጋይ እንደ እንጨት መሄጃ አለው፤ መሄጃውን ያላወቀ በጉልበቱ ይሰብራል እንጂ አይፈልጥም» አሉ። ይህን እውቀት የትኛውም አጥር አይጠብቀውም። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮንቬንሽን የሚናገረው ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ የሚጠበቀውም ሥራው ሲሠራና ከሽማግሌ ወደ ወጣት ሲተላለፍ ብቻ ነው።

ስለ አክሱም ያሰቡትን ግን መተው አለብዎት። በተርታ የተቦረቦሩት ቀዳዳዎች የሽብልቅ ማስገቢያ ናቸው፤ ጠራቢው በእያንዳንዱ ውስጥ ሽብልቅ ይተክልና ተራ በተራ እየመታ ድንጋዩን በመስመሩ ያስከፍታል። ጎቦድራ ላይ የሚታየው ይኸው ዘዴ ነው፤ በግብፅ በአስዋን አካባቢም አለ፤ በኛ አገርም ብዙ ካባ ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ተሠርቶበታል። ዘዴ መመሳሰሉ ዘመን መመሳሰሉን አያስረዳም። የተፈለጠ የድንጋይ ፊት ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም፤ የድንጋዩ ዕድሜ ቢለካ የሚገኘው የተፈለጠበት ጊዜ ሳይሆን የእሳተ ገሞራው ፍሳሽ የረጋበት ጊዜ ነው፤ በአካባቢያችንም ይህ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው። ዘመን የሚገኘው ከሌላ ነገር ነው፦ መሮ ከሚሳልበት ምድጃ ሥር ከሚገኝ ከሰል፣ በክምሩ ንብርብር ውስጥ ከተቀበረ የሸክላ ስባሪ፣ ወይም ዘመኑ የታወቀ ሕንፃ ድንጋዩ ከዚያ መምጣቱ ሲረጋገጥ። አራት ማዕዘን የሆነ አጭር ቀዳዳ በእጅ በመሮ የተቦረቦረ ነው፤ ረዥም፣ ክብና እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ ግማሹ ገደሉ ላይ የቀረ ቀዳዳ ካዩ ግን ድማሚት ለማጉረስ የተቆፈረ ስለሆነ የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። ሁለቱ አንድ ካባ ላይ ጎን ለጎን ቢገኙ አይገረሙ። በማመልከቻዎ ላይ «የአክሱም ዘመን» ብለው ቢጽፉና የመጣው ባለሙያ ባያገኘው፣ እውነተኛው የቦታው ዋጋም አብሮ ይወድቃል፤ ይህ ሲሆን አይቻለሁ።

የአይጠየፍ አዳራሽ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ሊፈተሽ ይችላልና። ከካባውና ከሕንፃው የሚወሰድ ናሙና ተፍቆ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሳሳ ድረስ በመስታወት ላይ ተለጥፎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማዕድናቱ ዓይነትና አቀማመጥ ይነጻጸራል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ በኩል ጥያቄ ቢያቀርቡ መልካም መነሻ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ከቅርስ ሕንፃ ላይ አንድ ጥፍር ያህል ስባሪ እንኳ ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ «ለምርምር ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ሁለተኛ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ተራሮች በየጊዜው በፈሰሰ ተመሳሳይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተደራረቡ ስለሆኑ፣ ምርመራው «ከዚህ ካባ ሊሆን ይችላል» ወይም «አይደለም» ሊል ይችላል እንጂ «ከዚህ ብቻ ነው» ብሎ ለመደምደም ብዙ ጊዜ አቅም የለውም። እስከዚያው የሽማግሌዎቹን ቃል «እንዲህ ይባላል፤ የነገሩን እነ እገሌ ናቸው» ብሎ መመዝገብ ተገቢና በቂ ነው። የቃል ታሪክ እንደ ቃል ታሪክ ሲቀርብ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ እንደ ቤተ ሙከራ ውጤት ሲቀርብ ነው የሚዋረደው።

ደብዳቤዎ ውስጥ በእግረ መንገድ «ከፊሉ የጣሊያን ስለሆነ አይቆጠርም» የሚል ቃል አለ። ይቆጠራል። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴን ከያዘ በኋላ ከአስመራ በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውንና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ሲሠራ ለድልድዩና ለድጋፍ ግንቡ የሚሆነው ድንጋይ ከየሰፈሩ ነው የወጣው፤ ድንጋዩን የተሸከመውም የአገሬው ሰው ነው። የድማሚቱ ቀዳዳና የመሮው ቀዳዳ አንድ ገደል ላይ መገኘታቸው የቦታውን ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። የግንባታ ድንጋይ የማውጣት ፈቃድ ባብዛኛው የሚሰጠው በክልሉ የማዕድን ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቅርስን የሚመዘግበው ደግሞ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ነው። የችግሩ ሁሉ ምንጭ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ካርታ አለመሥራታቸው ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርታ ቦታውን ባዶ ኮረብታ አድርጎ ካሳየው፣ ባዶ ኮረብታ ላይ ፈቃድ ቢሰጥ ጥፋተኛ ልለው አልችልም። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ስለሚመድብ፣ የእርስዎ ካባ መነሻው የክልል ቅርስነት ነው፤ ብሔራዊ ልበለው ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን መሮጥ ወረቀቱን ተመልሶ ወደ ክልሉ እንዲጓዝ ከማድረግ በስተቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ምዝገባው ሳያልቅም በእጅዎ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው፤ አዋጁ ተጽዕኖን ሲተረጉም በባህላዊ ቅርስ ላይ የሚደርሰውንም ለውጥ ስለሚጨምር፣ የኅብረተሰቡ አስተያየትም እንዲሰማ ስለሚያዝ፣ ክሬሸሩ ግምገማ ተሠርቶለት እንደ ሆነና ካባው በግምገማው ውስጥ ተጠቅሶ እንደ ሆነ በጽሑፍ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሁለተኛው የአዋጅ 209 አንቀጽ 41 ነው፤ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ይህ አንቀጽ ግን ገደብ አለው፤ ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ አግኚው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ በማሳወቅ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማሳወቅ ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ ከማሳወቁ ቀን ጀምሮ ስድስቱን ወር የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። አንቀጽ 42 የሚለው የተከለለ ሥፍራም አለ፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወስኖ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ያለ ፈቃድ ማንኛውም ቁፋሮና ግንባታ ይከለከላል። ይህ ከሁሉ የጠነከረው ጥበቃ ነው፤ ነገር ግን የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት ለተሰበሰቡበት ወይም የአርኪዮሎጂ ሥፍራነቱ ለታወጀ ቦታ የታሰበ ስለሆነ፣ ገና ያልተጠና ካባን ይዞ እዚያ ደጅ መቆም ለጊዜው አያዋጣም።

«ማንም እንዳይነካው» የሚለውን ቃልም እቃወማለሁ። በአንድ በኩል ወጣቶቹ እዚያ የሚሠሩት ሥራ አያቶቻቸው ይሠሩት የነበረው ነው፤ መሮና መዶሻ ይዘው ከሚጠርቡት ልጆች ቦታውን ማስለቀቅ ቅርሱን ከአንድ ወገን መጠበቅ፣ ከሌላው ወገን ማጥፋት ነው። በሌላ በኩል የታጠረና ሰው የማይገባበት ካባ በሁለት ክረምት ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቆሻሻ መድፊያነት ነው። በዌልስ በዚያው አካባቢ ዛሬም ድንጋይ ይወጣል። ኮብልስቶን ከድሮው ሥራ ጋር አንድ ነው ማለቴም አይደለም፤ በብዛት ስለሚፈለግ ድንጋዩን በፍጥነት ይበላል፤ መጠን ሊበጅለት ይገባል።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ካባው በክልል ደረጃ እንዲመዘገብ ያመልክቱ፤ ከማመልከቻውም ጋር ቦታውን በሦስት የሚከፍል ካርታ ያያይዙ። የመጀመሪያው ክልል ቀዳዳዎቹ፣ የፍርስራሽ ክምሩ፣ የመሮ መሳያውና መንገዱ ያሉበት ሲሆን ምንም ድንጋይ አይነሣበትም፤ ክምሩም ጭምር። ሁለተኛው በዙሪያው ያለ፣ ከባድ መኪናም ሆነ ድማሚት የማይገባበት መከላከያ ቀበቶ ነው፤ ስፋቱን የፍንዳታ ንዝረት የሚለካ መሐንዲስ እንጂ ስብሰባ አይወስነው። ሦስተኛው ወጣቶቹ በእጅ መሣሪያ የሚሠሩበት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ በከፊል ለአሮጌ ሕንፃዎች ጥገና ቢውል ገበያም ይሆናቸዋል፣ የጥገና ሥራም ተመሳሳይ ድንጋይ ያገኛል። ክሬሸሩ በሦስቱም ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለጠጠር የሚሆን ድንጋይ በዚህ አገር ሞልቷል፤ አማራጭ ቦታ እንዲሰጠው አብሮ መጠየቅ «ልማት ተቃዋሚዎች» ከመባልም ያድናል።

ማኅበሩ ሳያምንበት ይህን ካርታ አያስገቡ። ጉዳዩን መጀመሪያ በቅሬው (በሰፈሩ ዕድር) ላይ ያንሡት፤ የአባጋሮችን (የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎችን) እና የማኅበሩን ሊቀመንበር ቃል በጽሑፍ ይያዙ። ከተራራው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ መስመር በቢሮ ውስጥ ተሰምሮ የመጣባቸው ሰዎች መስመሩን የሚያከብሩት ጠባቂ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ የት እንደሚያልፍ አብረው የረገጡት ግን ለራሳቸው ይጠብቁታል። ምዝገባው ደመወዝተኛ ዘበኛ፣ የጥገና በጀት ወይም ጎብኚ ይዞ ይመጣል ብለው ለማንም ቃል አይግቡ፤ የምዝገባው ጥቅም ቦታው ካርታ ላይ መውጣቱና ማንም የሚነካው ሰው አስቀድሞ ለመጠየቅ መገደዱ ነው።

ጥንቃቄዎችንም ልናገር። ለማጥናት ብላችሁ አትቆፍሩ፤ ክምሩን አንድ ጊዜ ያገላበጠው ሰው ንብርብሩን ለዘላለም አጥፍቶታል። ቀዳዳዎቹ ጎልተው እንዲታዩ ብሎ በኖራ ወይም በቀለም መሙላት፣ የድንጋይ ሽበቱን በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ክልክል ነው፤ ድንጋዩ ላይ የመሮውን ጥርስ የሚያሳየው ስስ ፊት ከብሩሹ ጋር ይሄዳል። የደሴ አካባቢ መሬት በክረምት ይንሸራተታል፤ አሮጌ የካባ ገደልም ከሥሩ ተፈልጦ የቀረ ስለሆነ ዝናብ ከጠጣ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከገደሉ ሥር አትቁሙ፤ ውሃ ወደ ቆረበት ጉድጓድም ልጆች እንዳይጠጉ አድርጉ። አካባቢው በ1933ም በ2014ም ጦርነት አልፎበታልና፣ የማታውቁትን ብረት ካያችሁ ሳትነኩ ለፖሊስ አሳውቁ፤ ሳይፈነዳ የቀረ የካባ ድማሚትም ከዚሁ አይለይም።

ሰነዱን እርስዎ ራስዎ ማዘጋጀት ይችላሉ። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በጥቅምት ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ በጎን በምትመታበት ሰዓት ይሂዱ፤ እኩለ ቀን ላይ ጠፍጣፋ የሚመስለው ፊት በዚያ ብርሃን የመሮውን ምት አንድ በአንድ ያወጣል። በየ10 ሳንቲ ሜትር የተቀባ ዱላ ከጎን አቁመው ፎቶ ያንሡ፤ ስልክዎ የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ለእያንዳንዱ ፎቶ ይመዝግቡ፤ ፎቶዎቹ የቆሙበትን ቦታ በወረቀት ላይ በተሳለ ንድፍ ላይ ይቁጠሩ። ከቀሩት አሮጌ ጠራቢዎች ጋር ካባው ላይ ሆነው፣ መሣሪያውን በእጃቸው አስይዘው ቃላቸውን ይቅረጹ፤ ቤት ውስጥ የማይታወሳቸው ቃል እዚያ ይመጣላቸዋል። የማዕድኑን መሥሪያ ቤት ግን ጥቅምትን አይጠብቁ፤ የክሬሸር ፈቃድ ተጠይቆ እንደ ሆነ የሚጠይቀውን፣ ቦታው ለቅርስነት እየተጠና መሆኑን የሚያሳውቀውን አንድ ገጽ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ያስገቡ፤ ግልባጩን ለባህልና ቱሪዝም፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ያድርጉ። ደብዳቤውን ሲያስገቡም በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤቱ እንዳይወጡ።